ውል በአንድ ቀን የሚፈርስባቸው ምክንያቶች



በረመዷን መጨረሻ ገደማ ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ከተራዊሕ በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠብቆ አገኘኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው። ከኪሱ ታጥፎ የቆየ ደብዳቤ አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝና ምን እንደሚሉኝ ይንገሩኝ» አለኝ።

በመንገድ መብራት ሥር ቆሜ አነበብኩት። ልጁ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ስም ቡናና ሳንድዊች የሚሸጥ ሱቅ አለው። ደብዳቤው ሳምንታዊ የሽያጭ ሪፖርቱን አዘግይቶ መላኩን ይገልጽና፣ ይህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ መሆኑን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቢደገም ግን ኩባንያው ምንም የማረሚያ ጊዜ ሳይሰጥ ውሉን ወዲያውኑ ሊያቋርጥ እንደሚችል ያሳውቃል። «የዘገየሁት ሦስት ቀን ነው ጋሼ! ለሦስት ቀን ብለው ሱቄን ሊወስዱብኝ ይችላሉ?» አለኝ። በዚያ ሱቅ ውስጥ የአሥር ዓመት ቁጠባው፣ የባለቤቱ ወርቅና የሁለት ዘመዶቹ የዕቁብ ገንዘብ አለበት። ውሉን አሳየኝ ብለው አልያዘውም። ጠጋ ብዬ ብጠይቀው ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቦት አያውቅም።

በዚህ ልጅ አልፈርድም። በመቶ ገጽ የሚቆጠር፣ በሕግ ባለሙያ ቋንቋ የተጻፈ ውል ከፊርማ በፊት ጥንቅቅ አድርጎ የሚያነብ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ሆኖም በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ብድር ውል መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ የተጻፈውን ሳናነብ ስንፈርም ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፌ፣ እንዲህ ያለው ውል ያለ ማረሚያ ጊዜ በምን በምን ምክንያት ሊቋረጥ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች የእኛ ነው ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንቻይዝ የሚባለው ውል ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ኩባንያ የታወቀ ስም፣ ምልክትና የአሠራር ዘዴ አለው። ነጋዴው ለመግቢያ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍልና በዚያ ስም ይሠራል፤ ከዚያም ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ በመቶኛ እያሰበ ለኩባንያው ይልካል፤ ብዙውን ጊዜ የማስታወቂያ መዋጮም ይጨመርበታል። ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝና ኪሳራው የነጋዴው ነው። በአገራችን በ2018 አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረው ፒዛ ሀት በዚህ ዓይነት ውል የመጣ ነው። የፔፕሲና የኮካ ኮላ ጠርሙስ ሞይዎችም ስሙን ከባለቤቱ ተቀብለው የሚሠሩ ናቸው። እንደ ሒልተን ያለው ሆቴል ግን ባለንብረቱ ሌላ ሆኖ ኩባንያው ራሱ የሚያስተዳድረው ስለሆነ የውሉ ዓይነት ለየት ይላልና አይምታታብን።

ውሉ የተቋረጠ ዕለት ነጋዴው እጁ ላይ የሚቀረው ምድጃና ወንበር ነው። ስሙን ከበሩ ላይ ማንሳት አለበት። በብዙ ውሎች ላይ ቤቱን የተከራየው ኩባንያው ስለሆነ ቤቱም ይሄዳል። በዚህም ላይ ለተወሰነ ጊዜ በአካባቢው ተመሳሳይ ንግድ እንዳይከፍት የሚያግድ አንቀጽ አለ። ስለዚህ ፍራንቻይዝ ሲቋረጥ ሠራተኛ ከሥራ እንደመሰናበት አይደለም፤ ሌላ ሥራ ፈልጎ በማግሥቱ መግባት የለም፤ ዕዳው ደግሞ አብሮ ይቀራል።

በአሜሪካ የንግድ ፍራንቻይዝ ውል መቼ ሊቋረጥ እንደሚችል የሚወስን፣ ሁሉንም የንግድ ዘርፍ የሚሸፍን የፌዴራል ሕግ የለም። ለነዳጅ ማደያዎች በ1978 የወጣ ሕግ አለ፤ በመሠረቱ የ90 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል። ለሌላው እንደየስቴቱ ነው። ለምሳሌ የቨርጂኒያ ሕግ ያለ ተገቢ ምክንያት ውል መሰረዝን ይከለክላል። በርካታ ስቴቶች ደግሞ ስለዚህ ጉዳይ የተለየ ሕግ የላቸውም፤ በዚያ ነጋዴውን የሚገዛው የፈረመው ወረቀት ነው። ዝርዝሩን ከሁሉ አብራርቶ ያስቀመጠው በ1980 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ስለሆነ፣ ትምህርታችንን በእርሱ ላይ እንመሥርት። ብዙ ኩባንያዎች በሌላ ስቴት በሚያስፈርሙት ውል ላይም የሚያስገቧቸው ምክንያቶች ከዚህ ዝርዝር እምብዛም የራቁ አይደሉም።

በካሊፎርኒያ ከ2016 መጀመሪያ ወዲህ በተፈረሙ ወይም በታደሱ ውሎች ላይ ጉድለት ያገኘ ኩባንያ ለነጋዴው በትንሹ 60 ቀን የማረሚያ ጊዜ መስጠት አለበት። ይህ ጠቅላላው ደንብ ነው። ከደንቡ ውጪ ግን ሕጉ በሩን ከፍቶ፣ ያለ ማረሚያ ጊዜ ወዲያውኑ ለማቋረጥ የሚያስችሉ ምክንያቶችን ይቆጥራል። ነጋዴው በፍርድ ቤት ኪሳራ የታወጀበት እንደሆነ ወይም ዕዳውን መክፈል የተሳነው እንደሆነ፤ ሱቁን ለአምስት ተከታታይ ቀናት ዘግቶ የጠፋ እንደሆነ (እሳት፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ከአቅም በላይ የሆነ ተመሳሳይ ምክንያት ሲኖር ግን አይቆጠርበትም)፤ ውሉን ሲያገኝ ዋና ነገር ዋሽቶ ከሆነ ወይም የኩባንያውን ዝና የሚያጎድፍ አድራጎት ፈጽሞ ከሆነ፤ ሕግ መጣሱ ተነግሮት በ10 ቀን ውስጥ ካላስተካከለ፤ ሱቁ በመንግሥት ወይም በአበዳሪ የተያዘ እንደሆነ፤ ከሥራው ጋር በተያያዘ ወንጀል ወይም በከባድ ወንጀል የተፈረደበት እንደሆነ፤ ያለፈበትን ክፍያ በጽሑፍ ተጠይቆ በአምስት ቀን ውስጥ ካልከፈለ፤ የሱቁ መቀጠል በሕዝብ ጤና ወይም ደኅንነት ላይ የቅርብ አደጋ የሚያመጣ እንደሆነ፤ በመጨረሻም፣ ለእኛ ልጅ የሚመለከተው፣ አንድ ጊዜ ያረመውን ጥፋት የደገመ ወይም በተደጋጋሚ ግዴታውን ያጓደለ እንደሆነ። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው በጽሑፍ ሲለያዩማ የሚያከራክር ነገር የለም።

ከእነዚህ ውስጥ ጤናን የሚመለከተውን ማንም ሊቃወመው አይችልም። የተበላሸ ሥጋ ለሚሸጥ ሰው 60 ቀን ስጡት ማለት በሕዝብ ሆድ መቀለድ ነው። ጥሎ የጠፋም እንዲሁ። የቀሩት ግን መነጽር አድርጎ ማየትን የሚሹ ናቸው።

በውሎቹ ላይ በጣም ከባድ ተደርጎ የሚቆጠረው ሽያጭ መደበቅ ነው። ኩባንያው የሚኖረው ከሽያጩ በሚያገኘው ድርሻ ስለሆነ፣ በጥሬ ገንዘብ የሸጠውን በማሽኑ ያላስመዘገበ ነጋዴ የኩባንያውን ድርሻ እንደሰረቀ ይቆጠራል፤ በብዙ ውሎችም ይህ ጥፋት ሊታረም የማይችል ተብሎ ተጽፏል። ደግሞ አይደበቅም። ተቆጣጣሪዎቹ የገዛኸውን ዱቄትና ብርጭቆ ከሸጥኸው ጋር ያስተያያሉ፤ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያቀረብከውን ለእነርሱ ከላክኸው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ለአንዱ አንድ ቁጥር፣ ለሌላው ሌላ ቁጥር የጻፈ ሰው ለሁለቱም የሚመልሰው ያጣል። እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ስም ብቻ ነው የሰጡኝ፤ ልፋቱ የእኔ ነው፤ ምናቸውን ወሰድኩባቸው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ አባባል መሠረት የለውም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት በገንዘብ የሚተመን ዋጋ ያላቸው፣ ሸሪዓ የሚጠብቃቸው መብቶች መሆናቸውን ወስኗል። ስለዚህ የስሙን ዋጋ መደበቅ የሰው ሐቅ መንካት ነው።

ክፍያ ማዘግየትም ከዚህ ጋር ይታያል። አምስት ቀን እጅግ አጭር ነው፤ ያውም በአብዛኞቹ ውሎች ላይ በዘገየው ገንዘብ ላይ ወለድ ይታሰባል። አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሮያሊቲውን በቀኑ መክፈሉ ሱቁን ከማዳኑም ሌላ ከሪባ ደጃፍ ያርቀዋል። ይህንን ወንድሞቻችን ከመፈረማቸው በፊት ቢያስቡበት መልካም ነው።

በእኔ አስተያየት ሐቀኛውን ሰው የሚያጠምዱት ሦስት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው «ዝናን የሚያጎድፍ አድራጎት» የሚለው ነው። ወሰኑ የት ነው? ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ ይሆን? የሚተረጉመው በመጀመሪያ ኩባንያው ስለሆነ አደገኛ ነው፤ ከመፈረም በፊት በምሳሌ እንዲዘረዘር መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መደጋገምን የሚመለከተው ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ትንሽ ቢሆንም፣ ቢታረምም እንኳ ይቆጠራል። ሦስተኛው፣ ሁለትና ሦስት ሱቅ ያለው ሰው በአንዱ ሱቅ ላይ ያጓደለው በሌላውም ላይ እንደ ጉድለት እንዲቆጠር የሚያደርገው አንቀጽ ነው። በአንዱ ሱቅ ምክንያት ሦስቱንም ያጣል ማለት ነው። ለቤተሰቡ ዘርፍ በዘርፍ ሱቅ የከፈተ ሰው ይህንን አንቀጽ ካላስነሳ ወይም ካላስጠበበ ዕንቁላሎቹን ሁሉ በአንድ ቅርጫት እንዳኖረ ይወቅ።

ታላላቆቹም ቢሆኑ አይድኑም። በፓሪስ የማክዶናልድ ሱቆችን ይዞ የነበረ አንድ ነጋዴ በንጽሕና ጉድለት ተከሶ በ1982 በአሜሪካ ኢሊኖይ ስቴት ፍርድ ቤት ተረታና ስሙን ተነጠቀ፤ ይግባኙም በ1984 አልሰመረለትም። ሱቆቹን ሌላ ስም አውጥቶላቸው ቀጠለ። በሕንድ ደግሞ በ2017 ማክዶናልድ በሰሜንና በምሥራቅ የነበሩትን 169 ሱቆች ፈቃድ አቋርጫለሁ፣ ሮያሊቲም አልተከፈለኝም ሲል፣ የሕንዱ ሸሪክ አልቀበልም ብሎ በክርክር ላይ ሰነበቱ። ነገሩ ያለቀው በ2019 ኩባንያው የሸሪኩን ድርሻ ገዝቶ ነው። 169 ሱቅ ያለው ሰው ጠበቃ ቀጥሮ ሁለት ዓመት መከራከር ይችላል። አንድ ሱቅ ያለው አይችልም።

አሁን ለእኛ ለሙስሊሞች ይበልጥ ወደሚቀርበው ጉዳይ ልምጣ። በፍራንቻይዝ ውል ውስጥ ከውሉ ይልቅ የሚያስፈራው «ማኑዋል» የሚባለው የሥራ መመሪያ ነው። ውሉ ነጋዴው መመሪያውን እንዲያከብር ያስገድዳል፤ መመሪያውን ግን ኩባንያው ብቻውን በየጊዜው ሊለውጠው ይችላል። ዛሬ ቡናና ዳቦ ብሎ የፈረመ ነጋዴ ነገ ምን ሽጥ እንደሚባል አያውቅም ማለት ነው።

በቺካጎ አካባቢ የሆነው ይህ ነበር። አንድ ትውልዱ ፍልስጥኤማዊ የሆነ ሙስሊም ነጋዴ በ1979 ወደ ደንኪን ዶናትስ ንግድ ገባ። ያኔ የሚሸጠው ዶናትና ቡና ነበር። ኩባንያው ከ1984 ጀምሮ የአሳማ ሥጋ ያለባቸውን የቁርስ ሳንድዊቾች አስገባ። ነጋዴው ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ አልሸጠም። ኩባንያውም ለሃያ ዓመት ያህል ዝም አለው፤ እንዲያውም በሱቁ ውስጥ የሥጋ ምግብ እንደሌለ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰጥቶት ነበር። በ2002 ግን ሱቁን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ሲጠይቅ፣ ሙሉውን የምግብ ዝርዝር ስለማትሸጥ አይፈቀድልህም፣ ውልህም አይታደስም ተባለ።

ነጋዴው ከሰሰ። ክሱን ያቀረበው በዘርና በትውልድ አድልዎ ነው፤ የተመሠረተበት የቆየ ሕግ ሃይማኖትን አይጨምርምና። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ በሌላ ምክንያት ሳንድዊቹን የማይሸጡ ሌሎች ሱቆችም በአካባቢው መኖራቸውን አይቶ፣ ጉዳዩ በዳኝነት ሸንጎ ይታይ ሲል መለሰው። በ2009 ሸንጎው ለኩባንያው ፈረደ። ሠላሳ ዓመት ያህል የለፋበትን ስም ከበሩ ላይ አወረደ።

በትክክል ካየነው ይህ ውል ማቋረጥ ሳይሆን አለማደስ ነው፤ በሕግ ልዩነት አላቸው። ለነጋዴው ግን ውጤቱ ያው ነው። ይህ ሰው ያጣው አንድ ገጽ ወረቀት ይመስለኛል። ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ደግነት ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። «ይህ ነጋዴ በውሉ ዘመንም ሆነ ውሉ ሲታደስ የአሳማ ሥጋና የሚያሰክር መጠጥ እንዲሸጥ አይገደድም፤ አለመሸጡም እንደ ጉድለት አይቆጠርበትም» የሚል ተጨማሪ ስምምነት ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ኩባንያው አልፈርምም ካለ ደግሞ፣ ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት ያውቀዋል። ሙስሊሞች ለተስማሙበት ሸርጥ ተገዢዎች ናቸው፤ ሐራሙን ሐላል የሚያደርግ ሸርጥ ግን አይጸናም እየተባልን ነው ያደግነው። የቺካጎ ሸንጎ ግን በዚህ መንገድ አይዳኝም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሸርጥ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ መጠንቀቅ የራሳችን ፋንታ ነው። የቢራና የሎተሪ ጉዳይም በየማዕዘኑ ሱቅ ለሚከፍቱ ወንድሞች ያው ጥያቄ ነው።

ከመፈረም በፊት የሚረዳ አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ኩባንያው ገንዘብ ከመቀበሉ ወይም ከማስፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት 23 ክፍሎች ያሉት መግለጫ ለነጋዴው መስጠት አለበት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስንት እንደሚያስወጣ ነው። እኔ ግን ክፍል 17ን አስቀድሙ እላለሁ። የሚታረሙትና የማይታረሙት ጉድለቶች በሠንጠረዥ የተቀመጡት እዚያ ነው። ቀጥሎ ክፍል 3 በኩባንያው ላይና ከኩባንያው የተነሡ ክሶችን ይነግራችኋል። ክፍል 20 ደግሞ ባለፈው ዓመት ከድርጅቱ የወጡ ነጋዴዎችን አድራሻ ይዟል። ለእነርሱ ደውሉ። የወጣ ሰው ጨዋታው ግልጽ ነው።

ደብዳቤ ከመጣ በኋላስ? የደረሰበትን ቀን ጻፉ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። በጽሑፍ መልሱ፣ ያረማችሁትን በማስረጃ አስደግፉ፣ የስልክ ቃል አትመኑ። ውሉ ተቋርጧል ከተባለ በኋላ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በስሙ መነገድ ሌላ ክስ ይጠራል። በሚሺጋን የበርገር ኪንግ ሱቅ የያዙ ሰዎች ወርኃዊ ክፍያቸው ተቆልሎ ውላቸው ሲቋረጥና ልቀቁ ሲባሉ እንቢ ብለው መሥራት ቀጠሉ። ኩባንያው በራሱ አገር በፍሎሪዳ ከሰሳቸው። እኛ ሚሺጋን ነን፣ ፍሎሪዳ ምን አገባን ቢሉም፣ በ1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው መከሰሳቸው ትክክል ነው አለ። የትኛው ከተማ ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ የሚናገረው መስመር በውሉ የመጨረሻ ገጾች ላይ ስለሚገኝ ደክሞት የሚዘለው ብዙ ነው።

እንዲህ ያለ ውል በአገራችን ሕግ ሲዳኝ መነሻው በእኛ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው። ዳኛ ውል የሚሰርዘው ግን በቁጥር 1785 መሠረት መሠረታዊ የሆነው ነገር ሲጣስ ነው፤ ለሦስት ቀን መዘግየት በቀላሉ አይሰርዝም። ነገር ግን ቁጥር 1786 አለ፤ ውሉ ራሱ እንዲህ ከሆነ ይቋረጣል ብሎ ከጻፈና ያ ነገር ከደረሰ፣ አንደኛው ወገን ዳኛ ሳይጠብቅ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። ቁጥር 1775 ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ የሚቀርባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ ከእነርሱ አንዱ ተዋዋዮቹ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ብለው የተስማሙ እንደሆነ ነው። ዞሮ ዞሮ እዚህም ቢሆን ነገሩ ወደ ተፈረመው ወረቀት ይመለሳል።

ወደ ሰፈራችን ልጅ ልመለስ። በማግሥቱ ለባለቤቱ ደውሎ ውሉን ከመኝታ ቤት ቁም ሣጥን አስፈልጎ፣ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥታ ላከችለት። ከኢፍጣር በኋላ እቤቴ ቁጭ ብለን አንቀጹን አገኘነው። ወዲያውኑ ለማቋረጥ የሚያበቁት «በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ» የተሰጡ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ደብዳቤው ይህን የጊዜ ገደብ አልጠቀሰውም ነበር። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የተሰጠበትን ቀን ይዘን ስንቆጥር፣ ዓመት ሊሞላውና ከቁጥር ሊወጣ የቀረው አርባ አንድ ቀን ነው። ልጁ ስልኩን አነሣና ለባለቤቱ እንደገና ደወለ፤ የሽያጩ ሪፖርት ከዚህ በኋላ ሰኞ ጠዋት መሆኑ ቀርቶ እሑድ ማታ ሱቁ እንደተዘጋ እንዲላክ፣ የደረሰኙም ማረጋገጫ ታትሞ በአንድ ፋይል እንዲቀመጥ ነገራት።